ነፍስ ውጪ፣ ነፍስ ግቢ

እንጀራዬ ትንፋሽ ነው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
የደከሙ ሳንባዎች በእጄ ሲያልፉ፣ ሲውሉ፤
ቱቦ አስገባለሁ፣ ቱቦ አወጣለሁ፣
በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ በስንት ግፊት፣ እቆጥራለሁ፤
ማሽን ሲጮህ በእንቅልፌም የቱ እንደሆነ እለያለሁ።
የራሴን ግን፣
የራሴን ቆጥሬው አላውቅም።

ዊኒፔግ ነው። ጥር ነው። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት።
መኪኖቹ ውጭ ቆመዋል በኤሌክትሪክ ገመድ ታስረው፣
እንደ ገበያተኛ በቅሎ አንገታቸውን ቀብረው።
ሕንፃው ውስጥ ግን ክረምት የለ፣ በጋ የለ፤
ያው አንድ ዓይነት መብራት፣ ያው የሳኒታይዘር ሽታ፣
ያው “ሰው ጎድሎብናል፣ ትደርቢያለሽ?” በየማታ።

ማክሰኞ ዕለት አቶ ኮቫልቹክ፣
ዕድሜውን የባቡር ሐዲድ ላይ የፈጀው፣
ጣቱ እንደ ብሎን የጠነከረው፣
ልጆቹ ተስማሙና ማሽኑ ይነሳለት ተባለ።
ያነሳሁት እኔ ነኝ።
ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ሲል ከራስጌው ቆምኩ፤
ሃያ ሁለት፣ ዐሥራ አራት፣ ስድስት፣ ቆጠርኩ፤
ከዚያ የሚቆጠር ጠፋ።
ለልጆቹ ውሃ ሰጠሁ፣ ቅጹን ሞላሁ፣ ጓንቴን ጣልኩ፣
ወደ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ሮጥኩ፤
እስኪነጋ አንዲት ቃል አልተነፈስኩ።

ሊሳማ ትባላለች፤ ከኬረላ የመጣች የሌሊት ነርስ፣
ጉልበቷ ሲንቋቋ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ፣
ለጡረታዋ ስምንት ወር የቀራት።
ረቡዕ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ክንዴን ይዛ
ጎተተችኝ ወደ አንሶላው መጋዘን፤
“ዐሥር ደቂቃ ነው፤ የዕረፍትሽ ነው፤ አትፍሪን።”
እዚያ ወለል የሚወለውለው ሬናቶ አለ፣
ዓይኗ ደም የለበሰው ተለማማጅ ሐኪም ብሪያና፣
ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቀው ሁለት በሽተኛ አመላላሾች፣
ባልዲ ገልብጠው፣ የፎጣ ጥቅል ላይ ተቀምጠው።

አውራ ጣቷን ቀኝ አፍንጫዋ ላይ አሳረፈች፤
በግራው ሳበች፣ ያዘች፣
ግራውን ዘግታ በቀኙ ለቀቀች።
ሳቄ መጣ፤ “ለቀባሪው አረዱት” አልኩ በሆዴ፤
በትንፋሽ የምተዳደር ሰው ትንፋሽ ልማር ነው እንዴ?
“በእኛ አገር” አልኳት “ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ
የሚባለው ለሚያጣጥር ሰው ነው።”
“እኛ” አለች “በደህና ቀን እናስወጣታለን፣ እናስገባታለን፤
መንገዱን እንድትለምድ ነው።”

ሞከርኩ። አራት ሳልደርስ ተቆረጠ።
እንደገና። ደረቴ ውስጥ አንድ በር ተንቀጠቀጠ።
ለካ ከማክሰኞ ጀምሮ ይዤው ነበር፣
ግማሹን ሳልመልሰው፣ እንደ ብድር።

ቀጥሎ የንቧ መጣ፤ ጆሮን በአውራ ጣት ደፍኖ፣
ከንፈርን ገጥሞ ምምምም ማለት፤
ስድስት የደከመ ሰው፣ አንድ ቀፎ ሆኖ።
ኃላፊዋ በሩን ከፈተችው፦ “የተበላሸው ማሽን የቱ ነው?”
ሬናቶ እጁን አወጣ። “እኔ ነኝ” አላት።
እውነቱን ነው።

አልዋሽም። የጎደለውን ነርስ ትንፋሽ አይተካም፤
ያበጠ እግር አያሟሽሽም፣ ድርብ ፈረቃ አያሳጥርም።
አስተዳደሩ ግድግዳ ላይ “ተንፍሱ” ብሎ ለጥፏል፤
ከሥሩ አንድ ሰው በእስክሪብቶ “ሰውም ቅጠሩ” ብሎ ጽፏል።
(የሬናቶ የእጅ ጽሑፍ ይመስላል።)

ሐሙስ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ገና ጨለማ ነው፤
የመኪናዬን ገመድ ልፈታ ጎንበስ ስል
ከአፌ አንድ ነጭ ነገር ወጣ፣
ቆመ፣ ቀስ ብሎ ተበተነ።
ዐሥራ አንድ ክረምት ሲወጣ ኖሯል፤ አይቼው አላውቅም።
ጓንቴን አወለቅሁ። ቀኝ አፍንጫዬን ዘጋሁ።
በግራ፦ ብርዱ እንደ ምላጭ ገባ። አራት። ያዝኩ።
አቶ ኮቫልቹክ፣ የምቆጥረው የአንተን ነው የእኔን?
ግራውን ዘጋሁ። በቀኝ፦
ነፍስ ውጪ።

ከኋላዬ ቦታውን የፈለገ መኪና ጥሩንባ ነፋብኝ።
ቆይ፣ አልኩት በእጄ፤
ገና አልገባችም።